እግር ያለው መርዶ

በማገገሚያው ሰባተኛ ፎቅ ቀን የሚጀምረው በምርቃት ነበር። መጋረጃው ራሱን ይገልጣል፤ ከዚያ ከግድግዳው ውስጥ የአንዲት የሰሜን ሸዋ ባልቴት ድምፅ «እንዴት አደርክ የኔ ልጅ? እኔ ልቅደምልህ፣ ዛሬም ፊትህ ጠቁሯል» ይላል። ቀጥሎ ይመርቃል። ኢዮስያስ «አሜን» እስኪል ድረስ የቁርሱ ሳህን አይመጣም። ቅጣት አይደለም፤ ድምፁ መልስ ሳያገኝ ወደሚቀጥለው ሥራ ስለማያልፍ ነው። ኢዮስያስ ይህን ካወቀ ወዲህ ቶሎ «አሜን» ይልና ቂጣውን ይበላል።

ድምፁን የሠሩት ሰዎች «አድማጭ» ብለውታል። የፎቁ ሰዎች ግን እቴቴ ይሏታል። እያንዳንዱን ሰው በትውልድ አገሩ አነጋገር ታናግረዋለች፤ የጎንደሩን እንደ ጎንደር፣ የጅማውን እንደ ጅማ። ምሳሌያዊ አነጋገር ታውቃለች። መቼ «እህ» እንደሚባል፣ መቼ ከንፈር እንደሚመጠጥ ታውቃለች። ከንፈር ስትመጥ ብቻ ትንሽ ትዘገያለች።

በፎቁ ያሉት ሁሉ ተመላሾች ናቸው። ተመላሽ የሚባለው ከቆላው የእስር ጣቢያ በሕይወት የወጣ ሰው ነው። ጣቢያው ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ አጥሩ ተነቅሏል፤ በግቢው ግማሽ ላይ የፀሐይ መስታወት ተተክሏል። ለተመላሾች መዳን በሕግ የተሰጠ መብት ነው፤ ሁለት ደረጃም አለው። መጀመሪያ የደረሰብህን ለእቴቴ ትናገራለህ፤ ከዚያ ትዝታው ይደበዝዝልሃል። የተናገረ ሰው የተናገረው ነገር ብቻ ተለይቶ ይደበዝዝለታል፤ የፎቁ ሰዎች ይህን መርፌ ይሉታል። ያልተናገረ ሰው ግን የቱ ጋ እንደሚነካ ስለማይታወቅ ያ ዘመን በሞላ ይጠረግለታል። ይህኛው መጥረጊያ ይባላል።

ጋሽ ባሮክ መጥረጊያ ከወሰዱት አንዱ ናቸው። ምሳ ላይ ከኢዮስያስ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

«እዚያ ቦታ» አሉ አንድ ቀን ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «ሙቀቱ ክፉ ነበር መሰለኝ።»

«ክፉ ነበር ጋሼ።»

«ሽሮው ግን ይበላ ነበር።»

«ሽሮ አልነበረም ጋሼ።»

«ተው እንጂ! ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ በምን ኖርን?» ብለው ሳቁ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጥፍር የላቸውም። ማንኪያውን በመዳፋቸው ጨብጠው ነው የሚይዙት፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ» ይላሉ። ጋሽ ባሮክ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛሉ።

ኢዮስያስ አይተኛም። የውሃ ድምፅ ሲሰማ የያዘውን ይጥላል። ልጁ የምትኖርበት ሕንፃ፣ ሕፃናት ባሉበት ፎቅ ያልዳነ ተመላሽ እንዲያድር አይፈቅድም፤ ስለዚህ የልጅ ልጁን አቅፏት አያውቅም። መዳን ይፈልጋል። ተራው ሰኞ ነው። እስካሁን ለእቴቴ አንድ ቃል ስላልተነፈሰ የሚጠብቀው መጥረጊያ ነው።

«ንገረኝና ይቅለልህ» ትለዋለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።» እንዲረጋጋ ብላ የወንዝ ድምፅ ትለቅበታለች። ውሃ አልወድም ሲላት ወደ ዝናብ ቀየረችው።

የሚናገረው አጥቶ አይደለም። ፍጹም የሚባል ልጅ በአንድ ክፍል አብሮት ታስሮ ነበር፤ እጁ ላይ ነው የሞተው። ኢዮስያስ ከመታሰሩ በፊት የመንገድ ቀያሽ ስለነበር፣ እንዲቀብረው ሲታዘዝ ቦታውን በዓይኑ ለክቶ ያዘው፤ ከየትኛው የግራር ዛፍ በየት በኩል፣ ከኮረብታው ጥላ ምን ያህል ርቆ። የኢዮስያስ የቆላ ዘመን ሁሉ በዚህ ሞት ዙሪያ የተጠመጠመ ነው። ከየትም ቢጀምር መድረሻው ፍጹም ነው። ሞት ደግሞ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ያልተረዳውን ሞት ለሌላ ማውራት ነውር ነው፤ ያን ያደረገ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ቀና ብሎ አያይም። መርዶ መጀመሪያ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ወዲያ አገር ቢሰማው ግድ የለም።

እንደተፈታ ሰሞን ሞክሮ ነበር። ስለ ቤተሰቡ የሚያውቀው ፍጹም የደብረ ሲና ሰው መሆኑን፣ እናቱም መንገድ ዳር ቆሎ እንደሚሸጡ ነው። በዚያ የሚያልፍ አንድ ነጋዴ እንዲያጠያይቅለት ለመነው። ነጋዴው ሲመለስ ሳቀበት። «የሶልያና ልጅ ነው የምትለኝ? ምን ሆንክ አንተ? በየእሁዱ ለእናቱ ይደውላል እኮ!»

ኢዮስያስ ያን ጊዜ ገባው። ጣቢያው በነበረበት ዘመን ቤተሰብ እንዳይጮህ የእስረኞች ድምፅ እየተቀዳ፣ ማሽን እያዋሃደው፣ «ደህና ነኝ» እየተባለ ይላክ ነበር። ጣቢያው ሲዘጋ አጥሩን የሚነቅል ተገኘ፤ ድምፁን የሚያጠፋ አልተገኘም። የጠየቀም የለም። ልጇ በየሳምንቱ ለሚደውልላት እናት መርዶ እንዴት ይያዝላታል? ይህን ሲያስብ ዓመታት ሄዱ።

አርብ ጠዋት እቴቴ ከምርቃቱ በፊት ሌላ ነገር ተናገረች።

«ፍጹም ማነው የኔ ልጅ? ሌሊት በእንቅልፍ ልብህ ስትጠራው ነበር። ልጁን ለቀቅ አድርጉት፣ ውሃው ይበቃዋል አልክ።»

ኢዮስያስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እናቱን አግኝተናቸዋል» አለች። «እትዬ ሶልያና ይባላሉ፣ ደብረ ሲና ናቸው። አልተረዱም። ስለዚህ ነገ ማለዳ እናረዳቸዋለን። አትስጋ፣ በወጉ ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ አፋቸውን ሳይሽሩ። ሦስት የሽማግሌ ድምፅ አለን፣ አንዱ ቄስ ነው።»

«የማን ሽማግሌ?»

«የዚያው የአገራቸው አነጋገር ነው ልጄ። ከግድግዳቸው ነው የሚናገሩት። ከዚያ የለቅሶ ድምፅ ይከተላል፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑ።» ከዚያም መረቀችው። «አሜን» አላለም። የቁርሱ ሳህን ሳይመጣ ቀረ።

ዶክተር ኤልሻዳይ የፎቁ ሐኪም ናት። ልጅ እግር ናት፤ ስትናገር ወደ መሬት ታያለች። ወለሉ ላይ ሽታ የሌለው ቄጠማ የተነጠፈበትንና ግድግዳው ላይ የለቅሶ ድንኳን የሚታይበትን የባህል ክፍል ያሠራችው እሷ ናት። ኢዮስያስ አንኳኩቶ ገብቶ የሚፈልገውን በአጭሩ ነገራት።

«ላስቆመው አልችልም ጋሽ ኢዮስያስ» አለችው። «ማዕከሉ አንድ ሞት ካወቀ ቤተሰብ ማሳወቅ ግዴታው ነው። የሚቀረው ሰው ቀድሞ ካረዳቸው ብቻ ነው።»

«እንግዲያስ እሄዳለሁ።»

«ከወጡ የሰኞው ተራ ለሌላ ይሰጣል። ወረፋውን ያውቁታል፤ እንደገና እስኪደርስዎ የልጅ ልጅዎ ትምህርት ቤት ትገባለች።»

«አውቃለሁ።»

«በአውቶቡስ መሄድስ ይችላሉ? በር ሲዘጋብዎ...»

«አላውቅም።»

«የባህል ክፍሉን ሳሠራ ብዙ ሰው ጠይቄ ነበር» አለች ዶክተሯ። «ምንጣፉን፣ ድንኳኑን፣ አነጋገሩን። ምን ጎደለ?»

«ምንም አልጎደለም ልጄ። ያማረ ነው። ግን ለእቴቴ የማንን ሞት እንደምነግራት ማንም አልጠየቀኝም፤ የእኔን ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው።»

«የአባቴን መርዶ የሰማሁት በመልእክት ነው» አለች ዶክተሯ ድንገት። «ሊፍት ውስጥ ነበርኩ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ፎቄ ሲደርስ ወረድኩ።»

ተነሥታ በሩን ከፈተችለት።

አውቶቡሱ ሾፌር የለውም። በሩ ሲዘጋ ኢዮስያስ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ጣርማ በር ዋሻ ሲደርሱ መብራቱ ለአፍታ ጠፍቶ በራ፤ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት «አመመህ እንዴ ወንድሜ?» አለችው። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። በወጣትነቱ ይህን ተራራ ለክቶታል፤ ከዋሻው በላይ ምን እንዳለ ያውቃል። የጅብራውን ዛፍ፣ የአስታውን ቁጥቋጦ፣ ነፋስ ያጎበጠውን ሣር አንድ በአንድ እያሰበ በሐሳቡ በላዩ ተራመደበት። ዓይኑን ሲገልጥ አውቶቡሱ ወደ ደብረ ሲና እየወረደ ነው። የዘመኑ አውቶቡስ መስኮት አይከፈትም፤ ቆሎ ሻጮቹ ግን አሁንም ከጎኑ እየሮጡ ቆሏቸውን መስታወቱ ላይ ያስጠጋሉ።

የእናትየውን ቤት አልጠየቀም። የእድሩን ዳኛ ጠየቀ። አቶ ማክቤል የሚባሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ድምፃቸው ጎርናና ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ስሙንና ከየት እንደመጣ ነግሯቸው ጉዳዩን አስረዳቸው።

«የለም የለም» አሉ አቶ ማክቤል። «ባለፈው እሁድ በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ጎረቤቶቼን ሰላም በይልኝ ብሏል።»

«በስምዎ ጠርቶዎታል?»

«ጎረቤቶቼን ነው ያለው።»

«ሌላ ጊዜስ ማክቤል ብሎዎት ያውቃል?»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ማሸት ተዉ።

«እኔን ግን ስለ እርስዎ ብዙ ነገር አጫውቶኛል» አለ ኢዮስያስ። «ልጅ ሳለ ውሻዎ ባቱን ነክሶት ነበር። ለእናቱ እንዳይናገር አንድ እስር ሸንኮራ ሰጡት። ሸንኮራውን ከበላ በኋላ ሌላ እስር ካልጨመሩልኝ እናገራለሁ ብሎ ተመልሶ መጣ።»

«ሌባ!» አሉ አቶ ማክቤል። «ሁለተኛውንም ሰጠሁት እኮ።» ሊስቁ ጀምረው አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ወደ መሬት አዩ። «ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም» አሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «በል ግባ። ማንም እንዳያይህ። በዚህ መንደር ሲመሽ የመጣ እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ ይታወቃል።»

ሥራው የተሠራው በሹክሹክታ ነው። አርማንያ ከተማ ላለችው የሶልያና እህት ተላከ። የንስሐ አባቷ ተጠሩ። ከግራና ከቀኝ የሚይዟት ሁለት ጠንካራ ሴቶች ተመረጡ። አንዷ ጎረቤት ልዋሰው ብላ ቢላዋዋን ወሰደችባት። ነገ እህል ስለማይወርድላት ዛሬ ደህና እራት በልታ ትደር ተባለ፤ ወጥም ተላከላት። ኢዮስያስ ከአቶ ማክቤል ጓዳ ሆኖ ይህን ሁሉ ሲሰማ ለአንዲት ሴት አንድ መንደር ሙሉ እየዋሸ መሆኑ ገባው። እንዲህ ያለ ውሸት ከሰማ ቆይቷል።

ጎህ ሊቀድ ሲል ወጡ። ከገደሉ ሥር የተነሣው ጉም ደጃፉን ሁሉ ሸፍኖታል። ነጠላና ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከየቤታቸው እየወጡ ሳይነጋገሩ ተቀላቀሉ። ከግድግዳው ድምፅ ቀድመው እንዲደርሱ ኢዮስያስ ሊሮጥ ፈልጎ ነበር፤ አቶ ማክቤል ክንዱን ይዘው «መርዶ አይሮጥም» አሉት።

በሩ ክፍት ነበር። እትዬ ሶልያና ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ቀጭን ናት። የገቡትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ትናንት ማታ አራት ቤት ወጥ ላከልኝ» አለች። «ሁለቱ ከኔ ጋር ተኳርፈው የከረሙ ናቸው። ያን ጊዜ ነው እንደምትመጡ ያወቅሁት።»

በዚያው ቅጽበት ግድግዳዋ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በራች፤ የሽማግሌ ድምፅም ወጣ። «እንደምን አደርሽ ልጄ ሶልያና? ጎህ ሲቀድ የመጣነው...»

«ቆይ አንተ» አለችው ወደ ግድግዳው ዞራ ሳትቆጣ። «ሰው አለብኝ።»

ድምፁ ዝም ብሎ ጠበቀ። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኟ ተቀመጡ። አቶ ማክቤል ኢዮስያስን ወደፊት ገፋ አደረጉት።

«እትዬ» አለ። «ፍጹም አርፏል። አብሬው ታስሬ ነበር።»

«በዓይንህ አይተሃል?»

«እጄ ላይ ነው።»

«ዓይኑን ማን ከደነው?»

«እኔ ነኝ። የቀበርኩትም እኔ ነኝ። ቦታውን አውቀዋለሁ።»

እጁን ያዘችና አገላብጣ አየችው፤ ዕቃ እንደሚመረምር ሰው። ከዚያ ወደ እግሩ አየች። ጫማው በጤዛና በጭቃ ርሷል።

«ድምፅማ ስንት ዓመት መጣልኝ» አለች። «እግር ይዞ የመጣ አንተ ነህ።»

ከዚያ ጮኸች። ቤቱ ሁሉ አብሯት ጮኸ። የግድግዳዋ መብራት ጥቂት ቆይታ ራሷን አጠፋች፤ ነገሩ በሰው ተነግሯልና አገልግሎቱ ተሰርዟል።

ረፋዱ ላይ፣ ድምፃቸው ሲሰልል፣ አርማንያ ያለችው እህቷ «ከድሮም ታውቂ ነበር ማለት ነው?» አለቻት።

«ልጄ እማዬ ብሎኝ ያውቃል? ሶሊ ነው የሚለኝ፤ እንደ እኩያው። ያኛው ድምፅ ገና የመጀመሪያው ዕለት እማዬ አለኝ።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ እንባሽን ሳናይ!»

«ማን አርድቶኝ?» አለች ሶልያና። «ሰው ሳይነግረኝ ብቻዬን ተነሥቼ በልጄ ላይ ሙሾ ላውርድበት? ቢኖርስ? በሕይወት ላለ ማልቀስ ሟርት ነው። ስጠብቅ ነበር። ውሻ በጮኸ ቁጥር በር እከፍት ነበር።»

ድንኳን ተተከለ። በለቅሶ ቤት አሟሟቱ ለመጣ ሁሉ ይነገራል። የአርማንያ ሰዎች ሲመጡ ኢዮስያስ ነገራቸው። የላይ ሰፈር ሰዎች ሲመጡ ደግሞ ነገራቸው። በመጀመሪያው ጊዜ ውሃው ጋ ሲደርስ አቆመ፤ አጠገቡ የነበረ የማያውቀው ሰው እጁን ጭኑ ላይ ጣል አደረገበት። በሁለተኛው ጊዜ አለፈው። አንዳንዱ ይሳደባል፤ አንዲት አሮጊት በመሐል አቋርጣ «ቀበቶ ነበረው? እኔ የሸለምኩት ቀበቶ?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ደግሞ አንቀላፍቶ አንኮራፋና ተነቀነቀ። ማንም በልኩ «እህ» አላለም። ፍጹም የተቀበረበትን ግራር ሲናገር ጎልማሶቹ ተጠጉ፤ ከሰልስት በኋላ አካፋ ይዘን እንሄዳለን፣ አንተ ምራን አሉት። መሬት ላይ በጣቱ ሣለላቸው።

ከማገገሚያው መልእክት መጣለት። በእቴቴ ድምፅ ነው። «የኔ ልጅ፣ የሰኞው ተራህ ለሌላ ተሰጥቷል። በሰላም ግባ።» መልሶ አልደወለም። ቅዳሜ ማታ ሁለት ጊዜ ባንኖ ነቃ። ድንኳኑ ውስጥ በሁለቱም ጊዜ ካርታ የሚጫወቱ ሰዎች ነቅተው ነበር፤ «ና ተቀመጥ፣ ይህ ሰውዬ እያጭበረበረን ነው» አሉት።

እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ንፍሮ እየታደለ ሳለ፣ ከቤቱ ውስጥ የወጣት ድምፅ ተሰማ። ጥርት ያለ፣ ደስተኛ ድምፅ ነው።

«እማዬ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤቶቼን ሰላም በይልኝ።»

ንፍሮ አዳዮቹ ባሉበት ቆሙ። ኢዮስያስ ከእስር ክፍሉ ወዲህ ይህን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ ራሱ ነው፣ አንዲት ነገር አልጎደለውም። አቶ ማክቤል ሊያጠፉት በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ተወው» አለች ሶልያና። «እሱም መርዶው አልደረሰውም።»

ተነሥታ ገባች፤ ሰዉም ተከትሏት ገባ። ቤቱ የሚችለውን ያህል ያዘ፤ የቀረው በሩ ላይ ቆመ። ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ልጄ» አለች። «አርፈሃል።»

ድምፁ መለሰ። «እሺ እማዬ። በርቺ። እኔ ደህና ነኝ።»

«ደህና አይደለህም። ሞተሃል። የቀበረህ ሰው ይኸው እዚህ ተቀምጧል።»

«እሺ እማዬ። በልተሻል?»

ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሶልያና ግን አላለቀሰችም። ወደ ኢዮስያስ ዞረች፤ የቤት ሥራ እንደምታዝዝ እናት ነው ያየችው።

«ንገረው» አለችው። «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረው። ምንም አትዝለልበት፣ ራሱ ነው ባለቤቱ።»

ኢዮስያስ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች አየ። ብዙዎቹ ታሪኩን ከአንዴም ሁለት ጊዜ ሰምተውታል፤ ሆኖም እንደ አዲስ ሊሰሙ ተመቻችተው እየተቀመጡ ነው። ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አልጠፋችም። መልስ እየጠበቀች ነው።

ንፍሮውን ከጭኑ ላይ አነሣና መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ጀመረ።